የተለቀሰለት ሕመምተኛ

ቡታጅራ፣ ኅዳር 12 ቀን 1930 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለእታለም አሰፋሽ፤ ወልቂጤ።

ሰላምታዬ ተራራውን ተሻግሮ ይድረስሽ። ደኅና ነኝ ብዬ እንዳልጽፍልሽ ይህን ወረቀት የሚያመጣልሽ፣ በቤቱ የሸሸገኝ ነጋዴው ከድሮ፣ ያየውን ሁሉ እንደሚነግርሽ አውቃለሁ። ታምሜአለሁ ብዬ እንዳልጽፍልሽም አላመመኝም። እንግዲህ በሁለቱ መካከል ያለውን አንቺ እንደወደድሽ ሙዪው።

ጽሕፈቴ ስለተበላሸ ይቅርታ አድርጊልኝ። አባታችን በሕይወት ኖሮ ቢያየው፣ ሁለታችንንም እኩል ፊደል ማስቆጠሩን ይክድ ነበር። ያንቺ ጽሕፈት ዛሬም የእርሱን ይመስላል፤ የእኔ ዶሮ የጫረችው ሆኗል። እጄ ዝም ብሎ ይንቀጠቀጣል። ብርድ ነው እንዳልል የከድሮ ሚስት ሳፊያ አጠገቤ እሳት አንድዳልኛለች።

በከድሮ ልከሽ ለጠየቅሽኝ መልሴ ይኸው። ትበላለህ ወይ ላልሽው፣ እበላለሁ። የእስላም ቤት ሥጋ እንደማልቀምስ ስለምታውቅ ሳፊያ ለብቻዬ ድስት ለይታልኛለች፤ ጎመንና አይብ በቆጮ ታቀርብልኛለች። እንዲህ ያለች ሴት የሠራችውን መተው ነውር ነውና እጎርሳለሁ። ችግሩ መዋጡ ነው። ትተኛለህ ወይ ላልሽው፣ ሌላ እናውራ።

ለምን አትቀመጥም ላልሽው ግን እንዴት እንደምመልስልሽ አላውቅም። መቀመጥ አቃተኝ፣ እታለም። ገና መሬት ስነካ ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር «ተነሥ» ይለኛል። እነሣለሁ፣ በእንሰቱ መካከል እዞራለሁ፣ እመለሳለሁ፣ እንደገና እወጣለሁ። በከድሮ ጓሮ ውስጥ መንገድ አውጥቻለሁ። ሳፊያ «ኧረ አያ ሀብቴ፣ ችግኙን እኮ ጨረስከው» ትለኛለች፤ እውነቷን ነው።

ይህን ከበሽታ ብትቆጥሪው እንኳ መነሻውን ሁለታችንም እናውቀዋለን። ባለፈው የካቲት ጦሩ ተበትኖ እየተሹለከለክሁ ስመጣ፣ ጣሊያን ከዘማቹ የተረፈውን ቤት ለቤት እየለቀመ ነበር። «ሞተ ብለን ካለቀስን ይተዉታል» ያልሽው አንቺ ነሽ። አልወቅስሽም፤ እስከ ዛሬ አንገቴ ገመድ ያላየው በዚያ ነው። ግን ምናለ ለቅሶውን እንዲያ ባታሳምሩት? ልብሴን አልጋ ላይ ዘርግታችሁ፣ በቅሎዬን ጭናችሁ በሜዳው ስታዞሩ፣ እኔ ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው በዚህች ጓሮ ሆኜ እሰማ ነበር። ሙሾ አውራጇ ምን እንዳለች ታስታውሻለሽ?

ሀብቴ ጎበዙ፣ የሰው አለኝታ፣
ደጁ ዝም አለ፣ ጠፋ ጨዋታ።

እንዲህ ያለ ሰው ምነው ባወቅሁት ብዬ አለቀስሁለት። ቀልድ እንዳይመስልሽ፤ በእንሰት ቅጠል ፊቴን ሸፍኜ በእውነት አለቀስሁ። ከዚያ ፍትሐቱ ተደረገ፣ ተዝካሩ ተበላ። አንዳንድ ጊዜ ቄሶቹ ነፍሴን በወጉ ሸኝተዋት ሥጋዬን ብቻ ከከድሮ ጓሮ የረሱት ይመስለኛል። ሰው ስሜን ሲጠራ ስለ ሌላ የሚያወራ እየመሰለኝ ዞሬ አላይም።

ከድሮ ስለ ሐኪም አንድ ነገር ጀምሮ ሳይጨርስ ተወው። ምን ለማለት ነው? የማን ሐኪም?

ወንድምሽ ሀብተወልድ


ወልቂጤ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 1930 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሀብተወልድ፤

እንደምን አለህ ብዬ አልጠይቅህም፤ ጠይቄ ያገኘሁትን አየሁ። አላመመኝም ብሎ የሕመሙን ታሪክ ወረቀት ሙሉ የጻፈ ሰው አንተን ብቻ ነው ያወቅሁት። ነፍስህ ተሸኝታ ቢሆን ኖሮ ከሰው ሚስት ጋር ስለ እንሰት ችግኝ አትጨቃጨቅም ነበር። አለህ። ብዙ አትራቀቅብኝ።

እዚህ የምሠራውን ሥራ እንደምትጸየፈው አውቃለሁ። ባሌ ከሞተ በኋላ ግን ማን ያብላኝ? የጅማን መንገድ ለሚሠሩት በተከፈተው ሐኪም ቤት ፋሻ አጥባለሁ፣ አልጋ አነጥፋለሁ፣ ቋንቋቸውን ስለለመድሁም አስተረጉማለሁ። ሐኪሙን ዶቶር ማሪኒ ይሉታል። ጣሊያን ነው፤ ሐኪምም ነው። የትኛው እንደሚበልጥበት ገና አልለየሁም።

አንድ ነገር ግን በዓይኔ አየሁ። ድንጋይ በባሩድ ሲያፈርሱ አጠገቡ የነበረ አንድ ሠራተኛ፣ ገላው ሳይጫር አፉ ተዘግቶ መጣ። እኛ ጂኒ ነው አልን። ዶቶሩ አጠገቡ እየተቀመጠ ያናግረው፣ መድኃኒት በማንኪያ ያጠጣው ጀመር። ስንት ቀን ሙሉ ከግድግዳ ጋር ያወራ መሰለኝ። ሰውየው ዛሬም ይንተባተባል፤ ቢሆንም ትናንት «ጨው አነሰው» ብሎ ከወጥ ቤቷ ጋር ተጣላ። እኔ ሐኪም ያልሁህ ይህን አይቼ ነው።

ጸበል ልላክህ ብል እወድ ነበር። ግን ጸበሉ ቦታ የማያውቅህ ማን አለ? አንዱ ባልቴት «የሀብተወልድ መንፈስ!» ብላ ብትጮህ ያልቅልሃል።

ስለዚህ ዋሸሁ። ለዶቶሩ «አንዲት ጎረቤት አለችኝ፤ መቀመጥ አቅቷት ትዞራለች» አልሁት። ብዙ ነገር ጠየቀኝ። መቼ ጀመራት? ሰው የማይሰማውን ድምፅ ትሰማለች? ሳትፈልገው የሚመላለስባት ነገር አለ? የምትፈራው ምንድን ነው? ደግሞ፣ ይቅር በለኝ፣ የወር አበባዋ ይዛባባታል ወይ አለኝ። እንግዲህ ጎረቤቴ ነህና መልስልኝ።

ለዓለምዘውድ የላክሁላት ጨርቅ ጥቁር በመሆኑ አዝኛለሁ። ባሏ ከጓሮ ሲዞር በአደባባይ ከል ለብሳ የምትኖር ሴት ከእርሷ በቀር የለችም። እዘንላት።

አሰፋሽ


ቡታጅራ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1930 ዓ.ም.

ለእታለም፤

የጎረቤትሽ የወር አበባ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንድም ቀን ተዛብቶ አያውቅም። ይህን በዪልኝ። ሰውየው ደስ ይበለው።

መቼ ጀመራት ላለው፣ አታውቀውም። መንገድ ላይ ሳለች ደኅና ነበረች፤ ተርባም ቢሆን፣ ቆስላም ቢሆን ትቀመጥ ነበር። ቤት ደርሳ ዳነች ከተባለ በኋላ ነው የባሰባት። ይህ ለሐኪም የሚገባው ነገር ከሆነ እንጃ።

ድምፅ ላለው፣ አዎ፤ አውሮፕላን። እውነተኛውን ማለቴ አይደለም፤ እርሱንማ ሁሉም ይሰማል። ሳፊያ ቅቤ ልትገፋ ቅሉን ወዲያና ወዲህ ስትወዘውዘው፣ ያ ጓጓታ ከሩቅ ሲመጣባት ጎረቤትሽ ሮጣ እንሰት ሥር ትገባለች። ቅል መሆኑን ታውቃለች። ዓይኗ እያየው ነው። እግሯ ግን አያምናትም። ሳፊያ አንድ ቀን እዚያ አገኘችኝና ቅሉን ይዛ ገባች። ከዚያ ወዲህ ቅቤ ከጎረቤት ትለምናለች። በእኔ ምክንያት አንድ ቤት ቅቤ መግፋት ተወ፤ አፈርሁ፣ እታለም።

የሚመላለስባት ነገር አለ ወይ ላለው፣ አለ። ምን እንደሆነ አትናገርም።

ይበቃል። አሁን እኔ ልናገር። ሐኪም አልፈልግም። ሐኪም ዘንድ የሚሄድ ሰው የቱ ጋ አመመህ ሲሉት እዚህ ጋ ብሎ ያሳያል። እኔ የቱን ገልጬ ላሳየው? ደግሞ እብድ ነው ቢለኝስ? ዛሬ ሞቷል የተባለው ሀብተወልድ ስሙ በመልካም ይነሣል፤ በየዕድሩ ጎበዝ ነበር ይባልለታል። እብድ ከተባለ የሚከተለው ድንጋይ ነው። የእኛ አገር ሰው ለሞተ ያዝናል፤ ለእብድ ግን ይስቃል። ሞቴን አበላሽቼ ምን አገኛለሁ?

ደግሞስ አውሮፕላኑን የላከብኝም እነርሱ፣ ከአውሮፕላኑ የሚያድኑኝም እነርሱ? ይህን ለዶቶርሽ አስተርጉሚለት እስቲ።

ይህን ስጽፍ ስንቴ እንደተነሣሁ ብታይ ትስቂ ነበር። መስመሩ የተጣመመው ለዚያ ነው።

ሀብተወልድ


ወልቂጤ፣ ጥር 8 ቀን 1930 ዓ.ም.

ሀብቴ፣ ወንድሜ፤

ጥምቀት ሊደርስ ነውና እንኳን አደረሰህ። ሌላውን ሰላምታ ትቼ ወደ ነገሬ ልግባ።

ዓለምዘውድ በከድሮ በኩል ላከችብኝ። ልታይህ የመጣች ቀን «ተለቅሶልኛል፣ ተዝካሬም ተበልቷል፤ የቀረው ከመንገዱ ዞር ማለት ብቻ ነው» አልካት አሉ። እንዲህ ያለውን ቃል በቀልድ አትናገረው። በቀልድ ካልሆነ ደግሞ ለእኔ ጻፍልኝ፤ ለእኔ ተናገር። ለቅሶውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከገመድ አድኜህ ሲያበቃ በዚህ ካጣሁህ ምን አደረግሁ? ከሰማሁ ወዲህ እጄ ሥራ አልይዝ ብሎኛል፤ ትናንት ለአንዱ በሽተኛ የሌላውን መድኃኒት ልሰጥ ነበር። አንተ ስትዞር እኔንም ታዞረኝ ጀመር።

አሁን ዶቶሩ ያለውን ስማ። መልስህን ስነግረው፣ የአውሮፕላኑንም ጭምር፣ ብዕሩን አስቀመጠና ትክ ብሎ አየኝ። «ሲኞራ፣ ይህች ጎረቤትሽ ጢም ያላት ይመስለኛል» አለኝ። ተነሥቶ በሩን ዘጋ፤ እኔ አለቀልኝ ብያለሁ። ተመልሶ ተቀመጠና ስለ አባቱ አወራኝ። ከፊተኛው የፈረንጆች ጦርነት ሲመለስ እንዳንተው መቀመጥ አቅቶት፣ የወይን ተክሉን ሲዞር ውሎ ሲዞር ይመሽበት ነበር አለኝ። በዚያ ጊዜ ምን እንደሆነ የነገራቸው ሰው አልነበረም። እርሱ ሐኪም የሆነው ለዚያ ይሁን አይሁን አልጠየቅሁትም።

እብድ አይደለም ብሎኛል። ሕመሙ ስም አለው፤ በእነርሱ ቋንቋ ነው፣ ወደ እኛ ላዞረው ብል አልመጣልኝም። ግን «ሳላየው አልፈርድም፤ በእኅቱ አፍ የሚታከም ሰው የለም» አለ። አሳልፎ ይሰጥህ እንደሆነ ጠየቅሁት። የመለሰልኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልጻፍልህ፦ «ከዚህ ክፍል ውስጥ ያለው በሽተኛዬ ነው። ከበሩ ውጭ ላለው ቃል ልሰጥሽ አልችልም።» የሚገባው ሕመምተኛ ሁሉ ስሙ ለኮማንዶው፣ ለጣሊያን ጦር ጽሕፈት ቤት፣ ይላካል። ይህን ልደብቅህ አልችልም።

አዲሱ ገዢ «እጁን ሰጥቶ የገባ ይማራል» ብሎ አዋጅ ማስነገሩን ሰምተሃል። ከገቡት ውስጥ የምሕረት ወረቀታቸውን ይዘው ቤታቸው የተቀመጡ አውቃለሁ። የት እንደደረሱ ያልታወቁም አሉ። ስለዚህ መላው እንዲህ ነው። የከድሮ ወንድም ነህ፤ ስምህ ጀማሉ፣ የቡና ነጋዴ። ከድሮ ተስማምቷል። አስተርጓሚህ እኔ እሆናለሁ፤ የምትናገረውን ከእኔ በቀር አንድ ሰው አይሰማም። ከዚህ የበለጠ ምን ላድርግልህ?

አሰፋሽ


ቡታጅራ፣ ጥር 26 ቀን 1930 ዓ.ም.

ለእታለም አሰፋሽ፤

አስቀድሜ ይቅርታሽን እለምናለሁ። ያን ለዓለምዘውድ የተናገርሁትን ቀልድ ነበር ብዬ ብጽፍልሽ ደስ ይልሽ ነበር። ግማሹ ቀልድ ነበር። ስለ ሌላው ግማሽ ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ከድሮን ጠርቼ ነገርሁት፤ ብቻዬን አትተወኝ አልሁት። ምንጣፉን አምጥቶ ከእኔ ምንጣፍ አጠገብ ዘረጋ። ከዚያ ወዲህ ወይ እርሱ ወይ ሳፊያ ከዓይኔ አይርቁም። ሳፊያ ሸሁ ቁርአን የቀሩበትን ውሃ አምጥታ አጠጣችኝ። ጠጣሁ። መድኃኒት ነው ያሉኝን ሁሉ እጠጣለሁ እኮ፤ እምቢ ያልሁት ያንቺን ብቻ ነው።

የጀማሉን ነገር ግን ሞከርሁት። አትሳቂ። ከድሮ ጥምጣም አስሮልኝ፣ ሰላምታውንም አስለመደኝ። «አሰላሙ ዐለይኩም» ስል ሳፊያ ከሳቋ ብዛት እንስራዋን ልትጥል ነበር፤ ቄስ ሲያዜም ትመስላለህ አለችኝ። እንደዚያ ሆኜ ጥቂት ቀን በእንሰቱ ውስጥ ዞርሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ቀለለኝ። ጀማሉ አልዘመተም፤ ጀማሉ የሚፈራው ቀረጥ ተቀባይ ብቻ ነው።

ኋላ ግን አሰብሁና ተናደድሁ። ዶቶሩ ጀማሉን ቢያድነው ለእኔ ምን ይረባኛል? «ምን አየህ?» ቢለኝ ጀማሉ ምን አየ ልበል? የቡና ዋጋ ሲወርድ? አንድ ጊዜ ሞቻለሁ፤ አሁን ደግሞ ሌላ ሰው ከሆንሁ ይህን ሕመም ማን ሊሸከመው ነው? በራሴ ስም ብሄድ ይሰቅሉኛል፤ በጀማሉ ስም ብሄድ የሚታከመው ጀማሉ ነው። እንግዲህ ተዪኝ።

ሌላም አለ። ሙት ዓመቴ ደርሷል። ዓለምዘውድ ጌሾ እየወቀጠች ነው፤ ካልደገሰች ሰው ይጠረጥራል፣ አንቺም ካልመጣሽ ይወራል። ያን ሙሾ ሁለተኛ ልሰማው ነው ማለት ነው። እኔ እንጃ፣ እታለም። የምችል አይመስለኝም። የከድሮ ጓሮ ጠበበኝ።

ስለ ማስተርጎምሽ እግዜር ይስጥልኝ። እርሱም ቢሆን ይቅር።

ሀብተወልድ


ወልቂጤ፣ የካቲት 2 ቀን 1930 ዓ.ም.

ሀብተወልድ፤

ተናድጄ ስለምጽፍ አጭር ነው። «ተዪኝ» የሚል ቃል ለማን ነው የምትጽፈው? አዝዬ ያሳደግሁህ እኔ ነኝ፤ አልተውህም።

ይህን በሌላ ነጋዴ ልኬልሃለሁ። ከድሮ ወደዚህ ሲመጣ ከእርሱ ጋር ተነሥቼ ለሙት ዓመቱ እመጣለሁ። ዶቶሩ ፈቅዶልኛል። ስመለስ አንተን ይዤ እመለሳለሁ፤ ጀማሉም ሁን፣ ሌላም ሁን፣ ስሙን በመንገድ እንመርጣለን። የምታፍረው በማን ነው? እኔ ነኝ አጠገብህ የምቀመጠው። እኔ ነኝ እያንዳንዷን ቃል የምሰማው።

እስክመጣ ድረስ ከሳፊያ ዓይን አትጥፋ። ከእግርህ ሥር እወድቃለሁ፣ አትጥፋ።

አሰፋሽ


ወልቂጤ፣ የካቲት 15 ቀን 1930 ዓ.ም.

ለእታለም አሰፋሽ፤ ቡታጅራ።

ይህ ወረቀት ከየት እንደተጻፈ አይተሽ አትደንግጪ። አለሁ። አንቺ ወደ እኔ ስትመጪ እኔ ወዳንቺ ቦታ ሄድሁ።

ከድሮ አንቺን ሊያመጣ በወጣ ማግስት፣ ሳፊያን «ዓለምዘውድ ጋ ልደር» ብዬ ዋሸኋትና ወጣሁ። እንዳጣችሁኝ ስታውቁ ያሰባችሁትን አውቃለሁ። ያን ቃል ከተናገርሁ በኋላ ሌላ ልታስቡ አትችሉም። ሳፊያን፣ ከድሮን፣ ዓለምዘውድን ከሁሉ በላይ፣ ይቅር በሉኝ በዪልኝ። ብነግራችሁ ግን ትከተሉኝ ነበር። እናንተን እንዳላገኝ በሌላ መንገድ መጣሁ። መራመዱ አልከበደኝም፤ ዓመት ሙሉ ስለማመደው የኖርሁት እርሱን አይደል?

ለምን እኔ እስክመጣ አልጠበቅህም እንደምትዪ አውቃለሁ። ያንቺ መራቅ ነው መንገዱን የከፈተልኝ። ጣሊያኑን ፈራሁ፣ ገመዱን ፈራሁ፤ ሁሉም እውነት ነው። ከሁሉ በላይ የፈራሁት ግን አንቺ መካከል ተቀምጠሽ፣ ያየሁትን በገዛ አፍሽ ወደ ሌላ ቋንቋ ስታዞሪው ነው። ከሰማሽው በኋላ በየቀኑ ፊትሽ ላይ አየው ነበር። ስለዚህ ለማላውቀው ሰው ነገርሁት።

ከበሽተኞቹ ጋር ሰልፍ ገባሁ። እየተነሣሁም፣ እየዞርሁም ቢሆን ተራዬን አለቀቅሁም። አስተርጓሚው አንድ የሐማሴን ሰው ነው። «ስም?» አለኝ። ጀማሉ አፌ ላይ ነበር፤ እስከ በሩ ድረስ ይዤው መጥቻለሁ። ዶቶሩን አየሁት። የደከመው፣ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ የሚወለውል ሰው ነው። ስሜን ከነአባቴ ነገርሁት። «ባለፈው ዓመት የተለቀሰልኝ ዘማች ነኝ፤ አልሞትሁም፤ ግን ደኅና አይደለሁም» አልሁ።

አስተርጓሚው ወዲያው አላስተረጎመም። ዓይን ዓይኔን አየኝ፤ ሄዶ በሩን ዘጋ፤ ከዚያ አስተረጎመ።

የነገርሁትን አልጽፍልሽም። ስጀምር ፀሐይዋ ጠረጴዛው ላይ ነበረች፤ ስጨርስ ከመስኮቱ ወጥታለች። አላለቀሰልኝም፣ አላሞገሰኝም። አንዳንዴ «ከዚያስ?» ይለኛል፤ ይህ ብቻ ነው። ሲያበቃ አስተርጓሚው የሕመሙን ስም «የጦር ድንጋጤ» አለው። እታለም፣ ስም እንዳለው ስሰማ አለቀስሁ። ስም ካለው፣ ከእኔ በፊት ሌላ ሰው ታሞታል ማለት ነው። ይድናል ወይ አልሁ። «ይቀላል፤ ጊዜ ይፈልጋል» አለ። ዋሽቶ ይድናል ባለማለቱ አመንሁት። መድኃኒቱ ከኮሶ ይመርራል፤ ከእርሱ የሚከብደው ግን በየሳምንቱ ተመልሼ ማውራቱ ነው።

አንቺ ካነጠፍሻቸው አልጋዎች በአንዱ ላይ አስተኝተውኛል። ትናንት ከምሳ በኋላ ተቀምጬ ሾርባ ጠጥቻለሁ። ሳልነሣ ነው የጨረስሁት። ዛሬ ደግሞ አልቻልሁም፤ እንዲህ ከፍ ዝቅ ይላል ብለውኛል።

ስሜ ለኮማንዶው ሄዷል። ይጠሩኝ ይሆናል፤ ወረቀት ሰጥተው ይተዉኝም ይሆናል። ፈርቻለሁ፤ አልደብቅሽም። የጫማ ድምፅ ሲሰማኝ ከአልጋው እዘላለሁ።

ይህን የሚያመጣላችሁ ከቆሼ ከተማ የመጣ አንድ የበርበሬ ነጋዴ ነው። ሙት ዓመቱን ምን እንደምታደርጉት አላውቅም። ሰው ሲጠይቃት ዓለምዘውድ የወደደችውን ትመልስ። ዓመት ሙሉ ስለ እኔ የዋሸችው እርሷ ናት፤ አሁንም ዝም ብትል አልቀየማትም።

ወንድምሽ ሀብተወልድ


ቡታጅራ፣ የካቲት 20 ቀን 1930 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሀብተወልድ፤ ወልቂጤ ሐኪም ቤት።

እጅህ ይሰበር ብዬ ልጀምር፤ ቀጥሎ እጅህን ልሳም። ምን እንዳሳየኸን ታውቃለህ? እኔ ስደርስ ሳፊያ በሩ ላይ ተቀምጣ ፊቷን ትቧጭር ነበር። ከድሮ ጭነቱን ሳያወርድ ተመልሶ በየገደሉ ወረደ፤ ወንዙን ሁሉ ዳር ዳሩን ሄደ። እኔና ዓለምዘውድ ለሰው ፊት ጠላውን መጥመቅ ነበረብን። ጋኑን ስናጥን «እታለም፣ ለእውነት ይሁን ለውሸት ሳላውቅ ነው እኮ የምደግሰው» አለችኝ። ደግሼ አላውቅም እንዲህ ሆኜ።

እኔ ፊት መናገር አቃተኝ ያልኸውን ሳነብ ተቀየምሁ። ልዋሽህ አልችልም፤ ተቀየምሁ። ኋላ ግን ባሌ የሞተ ጊዜ እኔም ለማን እንደነገርሁ አስታወስሁ፤ ላንተ አልነበረም። እሺ። አልጠይቅህም።

የበርበሬ ነጋዴው የደረሰው ጸሎቱ አልቆ ሰው ለምሳ ከተቀመጠ በኋላ ነው። ወረቀቱን ጓዳ ገብቼ አነበብሁት። ዓለምዘውድ ድገሚው አለችኝ፤ ደገምሁት። «ደኅና አይደለሁም ያለው ራሱ ነው?» አለችኝ። «ራሱ ነው» አልኋት። ከሉን ከራሷ አውልቃ በምድጃው አጠገብ አስቀመጠችውና፣ የወጥ ጭልፋውን በእጇ እንደያዘች ወደ ዳሱ ወጣች። ልይዛት ነበር። አልደረስሁባትም።

«ብሉ» አለች። «ብሉ፣ አታቋርጡ። ባሌ አልሞተም። ታሟል። ወልቂጤ ሐኪም ቤት ተኝቷል። ያለቀሳችሁለትን ያህል ጸልዩለት።»

ጉሮሮው ላይ እህል ያልቆመበት ሰው አልነበረም። አንዲት ባልቴት አማተበች። ሙሾ አውራጇ ጉሮሮዋን ጠርጋ ተዘጋጅታ ነበርና «ታዲያ አሁን እኔ ምን ልበል?» ብላ ጠየቀች፤ የሳቀው ስቆ ያለቀሰው አለቀሰ። ሳፊያ ከአጥሩ ውጭ ሆና እልልታዋን ለቀቀችው። «ምን ሆኖ ነው የታመመው?» ብለው ሲጠይቋት ዓለምዘውድ ሳትፈራ ነገረቻቸው፦ አይቀመጥም፣ ይደነግጣል፣ የጦር ሕመም ነው። ከዘማቾቹ ወገን የሆኑ ሁለት ሰዎች አንገታቸውን ደፉ። አንደኛው ሲወጣ እኔን ለብቻዬ ጠርቶ የሐኪሙን ስም ጠየቀኝ።

ሁሉም እንዲህ አልነበረም። አንድ ሰው እጁን ሳይታጠብ ተነሥቶ ወጣ። ለጣሊያኖቹ ሊያሳብቅ መሄዱን መገመት አይከብድም። ስለዚህ ነገ ማለዳ ከዓለምዘውድ ጋር እንነሣለን፤ ከድሮ በቅሎዎቹን ጭኗል። ኮማንዶው እኛ ሳንደርስ ከጠራህ፣ ታሜአለሁ በል፤ ዶቶሩ ይምጣ በል። ከደረስን በኋላ ከጠራህ ደግሞ ሦስታችንም አብረንህ እንቆማለን። እስከዚያው መድኃኒቱን ዋጥ፣ አትትፋ፤ ሲመርርህ እንደምትተፋው ከልጅነትህ አውቃለሁ።

ቄሱ በጣም ተቆጥተውናል። በሐሰት ፍትሐት አስደርጋችኋል ብለው ለእኔም ለዓለምዘውድም ቀኖና ሰጡን፤ ይገባናል። ከዳሱ ሊወጡ ሲሉ ግን መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙና «ይህን ዓመት ሙሉ በቅዳሴ ስሙን ከሙታን ጋር ስጠራው ነው የኖርሁት። አሁን ከማን ጋር ልጥራው?» አሉኝ። ነገርኋቸው። ለእሑድ ከሕሙማን ጋር ትጠራለህ።

እኅትህ አሰፋሽ